ወፊትና ናዳ

ዝናብ ሌሊቱን አድሮ፣ ንጋት ላይ ሲያባራ፣
ኤውስቶልያ ትወጣለች ወደ ዋሃካ ተራራ፤
ቅርጫቷን የሙዝ ቅጠል ጎዝጉዛ፣ በክንዷ አንግታ፣
አራት ቀን ከአልጋ ርቃ፣ አራት ቀን ቂሟን ትታ።
ከአልጋ መራቅስ ለመበለት ምን ይከብዳል፣ ትላለች፤
የቂሙን ጾም ግን ባለፈው ክረምት ሁለቴ ገድፋለች።

በእኔ ቋንቋ ቢሆን፣ «የጅብ ጥላ» ነበር ስማቸው፤
እሷ ግን «ሕፃናቱ» ብላ ነው የምትጠራቸው፣
ያውም በሹክሹክታ፣
አንቀላፍቶ የቆየ ልጅ እንዳይነቃባት ሰግታ።

ሁለት ዘር ናቸው።

አንዷ ወፊት ትባላለች፤ ከብት በጋጠው መስክ ላይ፣
በሣር መሀል፣ ለጎንበስ ባይ ብቻ የምትታይ፤
እግሯ ክር፣ ቆቧ ደወል፣ መልኳ የከረመ ገለባ፤
ሌሊት ስትመጣ በር ላይ ቆማ ትጠይቃለች፦ «ልግባ?»
ባይፈቀድላትም አትቀየም፤ እንደ ጎረቤት ልጅ
ጥቂት ትስቃለች፣ ከዚያ ትሄዳለች ከደጅ።

ሌላው ናዳ ነው ስሙ። መሬት በተተረተረበት፣
ገደሉ በወረደበት፣ አዲስ መንገድ በተቆረጠበት፣
ጭቃው ገና ሥጋ ሥጋ በሚሸትበት
ይበቅላል፣ በመንጋ፣ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፎ፤
ወፍራም፣ ጠይም፣ የቆቡ ጠርዝ እንደ ሸክላ ተሸርፎ።
ጣት ሲነካቸው ሁለቱም ይበልዛሉ፤
እሱ ግን ሳይነካም፣ አስቀድሞ የተመታ ይመስላል።
«ልግባ» አይልም። ሲገባ ግድግዳውን ይዞ ይገባል።

ኤውስቶልያ ዕድሜዋን ሙሉ ወፊት ነበር የምትለቅም፤
«ናዳውን ለነ ፊሌሞን፣ እኔ ጩኸት አልችልም።»

አምና በመስከረም፣ ሌሊት፣ ተራራው አንዴ አጓራ፤
እሷ እህቷ ዘንድ ሰም ታቀልጥ ነበር፣ ለጧፍ ሥራ።
ባሏን ናሳሪዮን ከነቤቱ፣ ከነአዲሱ ቆርቆሮ ጠረገው።
ሦስት ቀን ቆፈሩ፤ አካፋው ያገኘው
አንድ ጫማ ነው፣ የግራ።

ዘንድሮ ዝናቡ ተመለሰ። በዚያው ጠባሳ ላይ፣
በሩ በነበረበት ልክ፣ ናዳዎቹ ብቅ አሉ።

መንደሩ ለሁለት ተከፈለ።
«አይነኩም» አለ ፊሌሞን፣ «ሬሳ ነው የሚያበላቸው።»
አፖሎኒያ በቆሎ ትፈለፍል ነበር፣ ቀና ሳትል፦
«በቆሎውንስ ማነው የሚያበላው?»

ኤውስቶልያ ለማንም አልመለሰችም።
ጥንድ ጥንዱን ለቀመች፣ ወንድና ሴት፣ እንደ ልማዱ፤
ነጠላውን ማን ይበላል፣ ብቻውን ያስቸግራል መንገዱ።
ሻማው ጠፋ። ካካዎው መራራ፣ እነሱ ከሱ የባሱ፤
አፈር አፈር አላት፣ ጥርሷ መሀል ጠጠር ተሰማት፣
አልተፋችውም። ከየትኛው ግድግዳ እንደሆነ ማን ያውቃል።

ሰማይ ጠበቀች፣ ክንፍ፣ ወፊቶቹ የሚያሳዩትን ብርሃን።
መሬቱ ሸሸ፤ ምሰሶው ጮኸ፤ ናሳሪዮ መጣ
ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ አንድ እግሩ ባዶውን።
ስለ ገነት አላወራም። ናፈቅሽኝም አላለም።
«ለክሬሴንስዮ የሁለት ቆርቆሮ ዕዳ አለብኝ» አላት፤
«ደግሞ የበሩን ማጠፊያ ዘይት ቀቢው፣ ይጮሃል።»

«የቱን በር?» አለችው።

ሲነጋ፣ ሁለት ዶሮ በእግራቸው አንጠልጥላ፣
ክሬሴንስዮ ደጅ ቆመች፣ ዓይኖቿ ቀልተው።
እሱም ዶሮዎቹን አየ፣ እሷን አየ፣ ጥቂት ዝም አለ፤
«አንድ ቆርቆሮ ነበር» አላት።

አንዷን ዶሮ ይዛ በጠባሳው በኩል ተመለሰች።
መስኩ ላይ ወፊቶቹ ከሣሩ አንገታቸውን አውጥተዋል፤
አልለቀመቻቸውም።
በሩ በነበረበት ስትደርስ፣
ጉበኑ ዝቅ ያለ ነበርና፣
ጎንበስ ብላ አለፈች።